ፈርመው ለወጡበት የመሬት ፍርድ የትኛው ይሻላል? ይግባኝ፣ መቃወሚያ፣ ዳግም ዳኝነት ወይስ አዲስ ድርድር

አዳማ ላይ ባልና ሚስት ሲለያዩ የመሬቱ ክርክር ብዙ ጊዜ ምስክር እስከ መስማት አይደርስም። ሽማግሌ ይገባበታል። ስምምነት ይጻፋል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ችሎቱ ያጸድቀዋል፣ መዝገቡ ይዘጋል። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ሚስት "ተታልዬ ነው የፈረምኩት" ብላ ትነሳለች። ወይም የባል እናት "የተካፈሉት እኮ የኔን መሬት ነው" ይላሉ።

እንዲህ ያለ ሰው ከጎረቤቱም ከራፖር ጸሐፊውም ቀድሞ የሚሰማው ምክር "ይግባኝ በል" የሚል ነው። በኔ እይታ በስምምነት ለተሰጠ ፍርድ ይግባኝ ከመንገዶቹ ሁሉ ደካማው ነው። የሚያዋጣው ጊዜ አለ፤ ግን ጥቂት ነው። ሰዉ የይግባኙን 60 ቀን እሱ ላይ ይጨርስና የሚሻለው በር ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ የትኛውን አቤቱታ ላስገባ ከማለት በፊት ሦስት ነገር ይጣራ። ስምምነቱ ላይ ፈርመዋል ወይስ አልፈረሙም? የተበላሸው ስምምነቱ ራሱ ነው ወይስ ያጸደቀው ፍርድ? ፍርዱስ ተፈጽሟል? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የብዙ ጉዳይ ዕድል የሚወሰነው ግን እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን ያንብቡ

የፍርዱን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት ያውጡ፤ ከስምምነቱ ጋር። የሽማግሌው ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ፍርድ ቤት ያላጸደቀው ስምምነት ውል ነው፤ ያጸደቀው ፍርድ ነው። መንገዳቸው የተለያየ ነው። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ግልባጩም የሚያስገቡት አቤቱታም በአፋን ኦሮሞ ነው። እርስዎ የሚያነቡት አማርኛ ብቻ ከሆነ ከመስመር እስከ መስመር የሚያስረዳዎት ሰው ይፈልጉ። ያን ቀን የፈረሙትም ሳይነበብልዎት ከሆነ ይህን አሁኑኑ ማስታወሻ ይያዙበት። በኋላ ይጠቅማል።

ስምምነቱ ውስጥ እንዲህ የሚል አንቀጽ ያጋጥማል እንበል፦ "በወንጂ መንገድ ያለውን ግማሽ ሄክታር የእርሻ መሬት ባል ይወስዳል። ሚስት የከተማውን ቤት ትወስዳለች። ከዚህ በኋላ አንዳችን በሌላችን ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለንም።" ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው መሬቱና ቤቱ ላይ ነው። ክርክር የምታስነሳው ግን የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ናት። በስምምነቱ ያልተጠቀሰ ንብረት ካለ፣ ለምሳሌ በጋብቻ ጊዜ የተገኘ ሌላ ቦታ፣ ያ ንብረት ገና አልተካፈለም ብሎ ለብቻው የክፍፍል ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። ያኔ ፍርዱን መቃወም እንኳ አያስፈልግም። ተቃራኒው ወገን ደግሞ "ምንም ጥያቄ የለንም" የሚለውን ያነሳል። ስለዚህ የተዘረዘረውንና ያልተዘረዘረውን ለይቶ መጻፍ የመጀመሪያው ሥራ ነው። አንዳንዱ ሰው ፍርድ ላፍርስ ብሎ የሚሮጠው በፍርዱ ውስጥ ጭራሽ ላልነበረ ነገር ነው።

ሌላው የሚታየው ማን እንደፈረመ ነው። የፈረመው ወኪል ወይም ጠበቃ ከሆነ የውክልናውን ወረቀት ያውጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ወኪል ያለ ልዩ ሥልጣን የማይንቀሳቀስ ንብረት ማስተላለፍም ሆነ መታረቅ አይችልም። "በማናቸውም ጉዳይ እንዲከራከርልኝ" የሚል ጠቅላላ ውክልና ለእርቅ አይበቃም። ወንድሟ በውክልና ገብቶ የታረቀላት ሴት ሌላ ምክንያት ከመፈለጓ በፊት ይህችን ወረቀት ታንብብ።

የትኛው ሕግ ነው የሚሠራው?

አዳማ ላይ የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 69/1995፣ በአዋጅ ቁጥር 83/1996 የተሻሻለው። ኢንተርኔት ላይ ብዙ የሚገኘው የፌዴራሉ 213/1992 የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። ሐሳባቸው በብዙ ቦታ ይቀራረባል፤ የአንቀጽ ቁጥሩን ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ፣ የ1958ቱ፣ ግን የጋራ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የአቤቱታ ቁጥሮች የዚያ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ከፌዴራሉ ሕግ ልጥቀስ። አንቀጽ 73 በጋብቻ ላይ እያሉ ባልና ሚስት የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም ይላል። ተለያይተው የሚኖሩ ግን ያልተፋቱ ሰዎች ላይ ይህ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ቤት ለይቶ መኖር ፍቺ አይደለም። በኦሮሚያው ሕግ ላይ ተመሳሳዩን ድንጋጌ ጠበቃዎ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ በተለይ በእጅዎ ያለው የሽማግሌ ወረቀት ብቻ ከሆነ።

ካልፈረሙ፦ መቃወሚያ

እናት፣ ወንድም፣ ውርስ ያልተካፈሉ እህቶች፣ ስሙ የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ያለ ልጅ። ለእነዚህ መንገዱ በቁጥር 358 የሚቀርበው የፍርድ መቃወሚያ ነው። ሕጉ የሚለው ግልጽ ነው። በክርክሩ መግባት የሚገባው ወይም ይችል የነበረ፣ በራሱም በወኪሉም ያልተከራከረ፣ ፍርዱ መብቱን የሚነካበት ሰው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መቃወም ይችላል። ቀን አልተቆጠረበትም፤ ገደቡ አፈጻጸሙ ነው።

ለዚህ ነው ሦስተኛውን ጥያቄ አትርሱ ያልኩት። መቃወሚያ ከሁሉም ጠንካራው መሣሪያ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሊያጸናው፣ ሊያሻሽለው፣ ሊሰርዘውም ይችላል። ነገር ግን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ስሙን አዙሮ አዲስ ደብተር ከሰጠ፣ ድንበሩም ከተለካ በኋላ "ተፈጽሟል" የሚል መልስ ይቀርብብዎታል። ከዚያ ወዲያ በራስዎ መብት ተነስተው አዲስ ክስ መመሥረት ነው የሚቀረው። ረጅም ነው። ስለዚህ መቃወሚያ የሚያስገባ ሰው በዚያው ቀን እግድ ይጠይቅ። ፍርድ ቤቱ ለመሬት አስተዳደር የሚጽፈውን የእግድ ደብዳቤ ወስዶ ማድረስ፣ የደረሰበትን ማህተም ያለበት ቅጂ ይዞ መመለስ። እግዱ ተሰጥቶ ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ከተኛ ምንም አልተሠራም።

የመቃወሚያ ድክመቱ ደግሞ እምነት ነው። ዳኛው በቀጥታ ባይለውም "ልጅየው ስምምነቱ ሲቆረቁረው እናቱን ላከ" ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም። አንዳንዴ እውነትም ነው። እናትየው ከጥርጣሬው የሚወጡት በሰነድ ነው፤ በስማቸው ያለ የይዞታ ደብተር፣ በየዓመቱ የከፈሉበት የግብር ደረሰኝ፣ የቀበሌ መዝገብ። "ልጄ መሬቱን አረሰው እንጂ አላስተላለፍኩለትም" የሚለው ቃል ብቻውን አይራመድም። ልጃቸውና የቀድሞ ምራታቸው መሬቱን እያረሱ ብዙ ዘመን ከኖሩ ምራቲቱም የምትለው ነገር አላት። በገጠር መሬት ላይ የባለይዞታ ስምና ያረሰ ሰው ድካም ሲጋጩ ክርክሩ እውነተኛ ክርክር ነው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ለሴቶች በመሬት አጠቃቀም፣ አስተዳደርና ቁጥጥር ላይ እኩል መብት ሰጥቷል። እናት ባለደብተር ስለሆኑ ብቻ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም።

ስምምነቱ ላይ የፈረመ ሰው ይህን መንገድ ሊጠቀም አይችልም። ተከራካሪ ነበር። አለቀ።

ከፈረሙ፦ "ተታልያለሁ" ማለት ምን ያህል ይሄዳል?

እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አይሄድም፤ የተታለሉበት ነገር ስም ከሌለው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 እርቅ በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው ይላል። ቀጥሎ ደግሞ አንዱ ወገን በታረቀበት መብት ላይ ተሳስቼ ነበር በማለት ሊያፈርሰው አይችልም ይላል። "ግማሽ እንደሚደርሰኝ አላውቅም ነበር" የሚል ሰው ያዝናል እንጂ አይረታም። ስምምነቱ ለአንዱ በጣም ማዳላቱም ብቻውን አይበቃም። የዚያው ሕግ ቁጥር 1710 ማዳላቱ ሳይሆን የተዳላበት ሁኔታ ይታይ ይላል፤ ችግሩን፣ የዋህነቱን፣ እርጅናውን ወይም ልምድ ማጣቱን መጠቀሚያ አድርገው አስፈርመውት ከሆነ።

ሥራ ያለው ተንኮልና ማስገደድ ላይ ነው። እዚህ ጋር አዳማ ዙሪያ ደጋግሞ የሚነሳ ነገር አለ። ከተማው እየሰፋ ነው። የትናንት የጤፍ ማሳ ነገ ለልማት ይፈለጋል፤ ካሳ ይከፈልበታል። አንዲት ሴት መሬቱን ለቅቃ ቤቱን ወሰደች እንበል። ከዓመት በኋላ መሬቱ ካሳ አመጣ። ዋጋው ከፍ ስላለ ብቻ ስምምነቱ አይፈርስም፤ ነገ የሚሆነውን ማንም አያውቅምና። ባልየው ግን ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት መሬቱ መለካቱን፣ ስሙ ለካሳ መመዝገቡን እያወቀ ከደበቀስ? ያኔ ነገሩ ይለወጣል። ቁጥር 1705 ልዩ መተማመን ባለበት ግንኙነት ውስጥ በክፉ ልቡና የተነገረ ሐሰትም፣ ዝምታም ውልን ሊያስፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ከባልና ሚስት የበለጠ መተማመን የሚጠበቅበት ግንኙነት የለም የሚል ክርክር ማቅረብ ይቻላል። ማስረጃው የልኬታው ቀን ነው። ልኬታው ከፊርማው ይቀድማል ወይስ ይከተላል? ቀኑን ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማግኘት ከአሥር ምስክር ይበልጣል።

ማስገደድም እንዲሁ ነው። "ሽማግሌዎቹ ተጫኑኝ" የሚለው ደካማ ነው፤ ሽማግሌ ሥራው መጫን ነው። ልጅ መከልከል፣ ዛቻ፣ ድብደባ ግን ሌላ ነገር ነው። በጊዜው ለፖሊስ ወይም ለሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የተነገረ ከሆነ መዝገቡን ያውጡ።

ይህን ሁሉ የት ያቅርቡ? ስምምነቱ ካልጸደቀ መልሱ ቀላል ነው፤ ውሉ ይፍረስልኝ የሚል ክስ፣ ምክንያቱ ከተወገደ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በቁጥር 1810 መሠረት። ከጸደቀ ግን አዲስ ክስ ሲያስገቡ ተከሳሹ የሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር 5 ይመዛል፤ "ይህ የተፈረደ ነገር ነው" ይላል። ብዙ ጊዜም ይሰማል። ስለዚህ ለፈረመ ሰው ያጸደቀውን ፍርድ ራሱን መንካት ይሻላል። እሱም ዳግም ዳኝነት ነው።

ዳግም ዳኝነት

የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 6። አቤቱታው ፍርዱን መልሶ እንዲያየው የሚቀርበው ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ከፍርዱ በኋላ አዲስና ዋና ነገር መገኘት አለበት፤ ሐሰተኛ ሰነድ፣ የሐሰት ምስክርነት፣ ጉቦ የመሰለ። በጊዜው ተገቢውን ጥረት አድርጎ እንኳ ሊያውቀው ያልቻለው መሆን አለበት። ቢታወቅ ኖሮም ፍርዱን የሚለውጥ። ነገሩ በታወቀ በአንድ ወር ውስጥ ይቀርባል።

ለመሬት ስምምነት ይህ የሚገጥመው ሰነድ ሲሆን ነው። ተሠርቶ የቀረበ ደብተር፣ ያልፈረሙት ፊርማ፣ የሌላ ሰው ይዞታ የራስ ተብሎ የቀረበበት ካርታ። "ካሳ እንደሚመጣ ደብቆኛል" የሚለውስ? በዚህ በር ለማስገባት መሞከር ይቻላል፤ ግን ሕጉ በምሳሌነት ከጠራቸው ነገሮች ራቅ ስለሚል ጠንካራ ሰነድ ይፈልጋል።

አንድ ወጥመድ አለ። ቁጥር 6 የተጻፈው ይግባኝ ላልተባለበት ወይም ይግባኝ ለማይባልበት ፍርድ ነው። መጀመሪያ በደመ ነፍስ ይግባኝ ያለ ሰው በኋላ ዳግም ዳኝነት ሲጠይቅ ይህ ይነሳበታል። የሐሰት ሰነድ ጥርጣሬ ካለዎት ቅደም ተከተሉን ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገሩ ምንም አያስገቡ።

ይግባኝ የሚያዋጣው መቼ ነው?

ዳኛው የጻፈው እርስዎ ከተስማሙት የተለየ ሲሆን። በስምምነቱ "ግማሽ ሄክታር" የሚለው ፍርዱ ላይ "መሬቱን በሙሉ" ሆኖ ከወጣ፣ ወይም ያልፈረመ ሰው እንደፈረመ ተደርጎ ከተጻፈ። ሁለተኛው ደግሞ ስምምነቱ ራሱ ሕግ ሲጥስ ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም፣ አይለወጥም። "የእርሻ መሬቱን በዚህን ያህል ብር ለቅቄለታለሁ" የሚል አንቀጽ ችሎት ፊት እንደ ሽያጭ ሊታይ ይችላል። ፍርድ ቤት ሲያጸድቅ ስምምነቱ ከሕግና ከሞራል ጋር እንደማይጋጭ ማየት ነበረበት። ይህን ካላየ ስህተቱ የፍርድ ቤቱ ነው፤ ይግባኝ የሚባለውም በፍርድ ቤት ስህተት ላይ ነው።

ጊዜው 60 ቀን ነው። ካለፈ በበቂ ምክንያት ማስፈቀድ ይቻላል፤ ሆኖም ጠበቃዬ ረሳው ማለት በቁጥር 326 በቂ ምክንያት አይደለም። ይግባኝ ማስገባት ብቻውን አፈጻጸምን አያቆምም፤ የአፈጻጸም እግድ ለብቻው በቁጥር 332 ይጠየቃል። ከይግባኝ በኋላ ያለው ሰበር ነው። እሱ የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ነው። የክልል ጉዳይ ከክልሉ ሰበር አልፎ ወደ ፌዴራሉ ሰበር የሚሄድበት በርም በአዋጅ 1234/2013 ጠበብ ብሏል። "አዲስ አበባ ድረስ እሄዳለሁ" ብሎ መዛት ለሻይ ቤት ጥሩ ነው።

ገንዘብ ሲያጥር

በመሬት ጉዳይ የሚጣላ ሰው ብዙ ጊዜ መሬቱ በሌላው እጅ ነው፤ ገቢም የለው። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ያልቻለ በቁጥር 467 እና ተከታዮቹ መሠረት በደሀ ደንብ እንዲታይለት ይጠይቃል። የቀበሌ ማስረጃ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ነጻ ጠበቃ እስኪገኝ ሲጠብቁ ግን ቀኑ ይቆጥራል፤ ቀነ ገደብ ያለው አቤቱታ ይቅደም።

አዲስ ድርድር

ፍርድ ቤት ያጸደቀውን ስምምነት ሁለቱ ወገኖች ፈቅደው በሌላ ስምምነት ሊለውጡት ይችላሉ። ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ያየዋል። እኔ ግን ለፈረመ ሰው፣ ማስረጃው ግማሽ ለሆነ ሰው፣ ልጆች በመሃል ላሉበት ሰው ከይግባኝ አስቀድሜ የምመክረው ይህንን ነው። በተለይ ያኛውም ወገን የሚፈልገው ነገር ካለ። ደብተሩን ለማዞር የእርስዎ ፊርማ ጎድሎት ይሆናል። ካሳ እንዲለቀቅለት ክርክር የሌለበት መሬት ይፈልግ ይሆናል። እናቱ መቃወሚያ ሊያስገቡ መሆኑን ሰምቶ ይሆናል። ያኔ የመደራደሪያ ጉልበት አለዎት፤ እግድ ከወጣ ደግሞ የበለጠ።

ድርድሩ በሽማግሌ ቢሆን ችግር የለውም። በኦሮሚያ የባህል ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ እውቅና አግኝተው ይሠራሉ። ሽማግሌ ሲመረጥ ግን ያለፈውን ስምምነት ያስፈረሙትን ሰዎች መልሶ መጥራት አይመከርም፤ ቃላቸውን ማጠፍ ይከብዳቸዋል። አዲሱ ወረቀት መሬቱን በአዋሳኞቹ፣ በደብተር ቁጥሩና በስፋቱ ይግለጽ። "ቀሪው መሬት" የሚል ቃል አይግባበት። ካሳ ከመጣ ለማን ስንት እንደሚደርስ ይጻፍ። ባለይዞታ እናት ወይም አባት ካሉ እነሱም ይፈርሙ፤ ነገ መቃወሚያ ይዘው እንዳይመጡ። ከዚያ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ይጽደቅ፤ የጸደቀበት ትእዛዝ ግልባጭ ለመሬት አስተዳደር ገቢ ይደረግ። የገቢውን ቁጥር ይዘው ይመለሱ፤ ደብተሩ የሚታረመው በዚያ ነው።